ወንበሩን ሳታወጣ አትቀመጥ!

ኮዬ ፈጬ ውስጥ የማይፈጭ ወሬ የለም። ሰሞኑን ግን በብሎካችን ሥር፣ ጀበና ቡናው ጋ፣ አንዱ ወሬ ከልክ በላይ ተፈጭቶ ደቀቀ። "ሃይማኖትና ሳይንስ አይገናኙም" ነው የሚለው። ባለወፍጮው አያ እርግጡ ነው። አያ እርግጡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየብሎኩ አንድ አንድ ደርሶናል፤ እዚህ ሰፈር ያለ ዕጣ የሚደርስ እሱ ብቻ ነው። ስለ ሁሉም ነገር እርግጠኛ ነው። የማያውቀው የውሃ ተራችንን ቀን ብቻ ነው።

እናንተ ስኒ ይዛችሁ ዳር የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉ። ዛሬ ሂሳቡ በእኔ ነው፤ መልሱም ጭምር።

አያ እርግጡ! ነገረ መለኮት የተማረ ሳይንስ አይንካ አልክ። ሳይንስ የተማረ መጽሐፍ አይግለጥ አልክ። ሁለቱንም ያልነካኸውን አንተን በሁለቱ መካከል ዳኛ ያደረገህ ማነው? "ተጣልተዋል" ትላለህ። ከሳሹ የታለ? ተከሳሹስ? ችሎቱ ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ያውም ሳትጠራ መጥተህ።

ለመሆኑ የ2017ን ታኅሣሥ ረሳኸው? በፈንታሌና በዶፈን በኩል መሬት ሲናወጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ፎቅ ላይ ያለነውን ከአልጋ ሲያስነሳን? በደረጃው ስትወርድ ያየህ ሁሉ ምስክር ነው። አንዱ እግርህ ላይ ሸራ ጫማ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ጫማ። "እግዚኦ!" አልክ። ትንፋሽህን ሳትውጥ "በሬክተር ስንት ነው?" አልክ። በቃ፣ ተገናኙልህ! አይገናኙም ያልካቸው ሁለቱ አንተው አፍ ውስጥ ተገናኙ። ያውም በሌሊት። ያውም ያለ ሽማግሌ።

ሲነጋ ደግሞ ምሕላው መቼ እንደሆነ ደብሩን ጠየቅክ። ምሰሶው ተሰንጥቆ እንደሆነ መሐንዲስ ጠየቅክ። ልክ ነበርክ! በዕድሜህ ሙሉ ልክ የሆንክባት ቀን እሷ ናት፤ እሷኑ መካድህ ነው ያልገባኝ።

አሁን "በሬክተር ስንት ነው?" ስትል መልስ እንድታገኝ በዚህ አገር መጀመሪያ የደከመው ማን እንደሆነ ልንገርህ። ስኒህን አጥብቀህ ያዝ። አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን ይባላሉ። ካናዳዊ ናቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚ ናቸው። ሌላው ሥራቸውስ? ካህን! ኢየሱሳዊ ካህን።

ስኒውን ያዝ አላልኩህም?

አባ ጉዋን መስቀላቸውን ሳያስቀምጡ መሣሪያ ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 ካራቆሬ ስትናወጥና ማጀቴ ስትፈርስ፣ ያንን መከራ መርምረው የጻፉት እሳቸው ናቸው። በ1976 አገሪቱን በመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት በቀጣና የከፈለ ጥናት አወጡ። በ1979 ደግሞ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ጥራዝ አሳተሙ። "እዚህ ቦታ ፎቅ ብሠራ መሬቱ ምን ያህል ይናወጥብኛል?" ለሚል ሰው የሚሆን መልስ በካህን እጅ ተጻፈ ማለት ነው። አንተ ደግሞ ፎቁ ላይ ተኝተህ "ካህን ሳይንስ ውስጥ ምን ይሠራል?" ትላለህ። እንቅልፍህን ይጠብቅልሃላ!

ቆይ፣ ገና ነኝ። ኮዬ ነው ሰፈሩ፤ መቆየት ነው። ለመጽሐፋቸው ማስረጃውን ከየት ያመጡት ይመስልሃል? መሣሪያው ትናንት የተተከለ ነው። መሬቷ ግን መሣሪያ እስኪተከልላት አልጠበቀችም፤ ስትናወጥ ኖራለች። ስለዚህ ሰውየው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ገለጡ፤ የተጓዦችን ማስታወሻ አገላበጡ። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ነው። "በዚህ ዓመት ምድር ተናወጠች" ብሎ ብራና ላይ ሲያሰፍር የእግዚአብሔርን ሥራ መመዝገቡ ነበር። ከዘመናት በኋላ ያቺ መስመር ለሴይስሞሎጂ ማስረጃ ሆነች። ጸሐፊው ለምሕላ ጻፈው፤ አጥኚው ለስሌት አነበበው። ብራናው ለሁለቱም በቃ፤ ላንተ ብቻ ጠበበህ።

"እሱማ ካቶሊክ ነው!" አልክ? ስጠብቅህ ነበር። መሬት ስትናወጥ ኦርቶዶክሱን ከሦስተኛ፣ ጴንጤውን ከአራተኛ፣ ካቶሊኩን ከምድር ቤት እየመረጠች አትንጥም። ካንተ ቀድሞ ወርዶ ልጆችህን ያቀፈልህም ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነው። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ማባረራቸውን አውቃለሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ያውቁ ነበር። እያወቁ ግን እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አደራ ለኢየሱሳዊው ለሉሲየን ማት ሰጡ። ንጉሡ በኦርቶዶክስነት ካንተ ያንሱ ነበር?

እሺ፣ የውጭውን ተወው። የራስህን ቤት ልጠይቅህ። ፋሲካ መቼ ነው? "ካሌንደር ላይ አለ" እንዳትለኝ። ካሌንደሩስ ከማን ሰማ?

ወንበር ላይ ተቀምጠሃል። ወንበሩን ግን ማውጣት ትችላለህ? ተመልከቱት፣ ከሥሩ ሊያወጣው ተነሳ! ተቀመጥ፣ ያኛውን አይደለም። የባሕረ ሐሳቡን ነው። 2018ን እንውሰድ። 5500 ስትደምርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን በ19 ግደፈው፤ 13 ይተርፋል። መደብ ይባላል። አንድ ቀንስለት፤ 12። ይኸው ወንበር። ወንበሩን በ11 አብዛና በ30 ግደፍ፤ 12 ተረፈ። አበቅቴ። ወንበሩን መልሰህ በ19 አብዛና በ30 ግደፍ፤ 18 ተረፈ። መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ዘንድሮም፣ አምናም፣ ሁልጊዜም። በመጥቅዑ ልክ መስከረም 18ን ያዝ፤ በ2018 እሑድ ይውላል፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ተደማሪ ቁጥሩ፣ 7 ነው፤ ስትደምረው 25። ጥር 25 ጾመ ነነዌ። ከነነዌ 69 ቀን ቁጠር። ሚያዝያ 4 ፋሲካ።

አሁን መልስልኝ፤ ይህ ጸሎት ነው ወይስ ሒሳብ? ዝም አልክ። ለምን በ19 እንደተገደፈስ ታውቃለህ? ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ተመልሰው ስለሚገጥሙ ነው፤ 235 የጨረቃ ወር 19 የፀሐይ ዓመት ይሆናል፤ የምትተርፈው የሰዓት ሽራፊ ናት። ይህን የተማረው የቆሎ ተማሪ ነው፤ ቴሌስኮፕ አላየም፤ ውሻ ብቻ ነው ያየው። አንተ ግን አበቅቴውን ሳትጀምር "አበቃ" አልክ። መደብ ላይ ተወልደህ መደቡን አታውቅ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ወንበሩን አታውቅ። አንተስ ቆመህ ብትከራከር ይሻልሃል!

ይህን ባሕረ ሐሳብ ማን አጠናው? አባ ጉዋን መጽሐፋቸውን ባወጡበት በዚያው በ1979 ኦቶ ኖይገባወር ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው የባቢሎንን የሸክላ ጽሑፍ ሲፈታ የኖረ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ ነው። የእኛን ግዕዝ ሲያይ ግን የአያቶች ተረት ብሎ አልናቀውም። የጥንቷ እስክንድርያ ስሌት ተጠብቆ የቆየበትን ማኅደር አየበት። ከኛ ደግሞ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ነገረ መለኮት ተምረው፣ ሚኒሶታ ቁጭ ብለው የብራና መዝገብ ሲሠሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 "ባሕረ ሐሳብ"ን ጻፉልን። አንተ ሽፋኑን አይተህ ስለ ዓሣ የሚያወራ መስሎህ አለፍከው።

ማነው ከማዶ ብሎክ የሚስቀው? አያ ማስረጃ! የአያ እርግጡ ታናሽ ወንድም ነው፤ ላፕቶፕ ስለያዘ የበለጠ የሚመስለው። አትሳቅ፣ ወዳንተ እየመጣሁ ነው። "ካህን ያለበት ምርምር ወደ ኋላ ይቀራል" ነው አይደል ያንተ ዘፈን? ምሳ ምን በላህ? የአተር ሽሮ። በጀ። አተር ዘርቶ፣ አዳቅሎ፣ ቆጥሮ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው መነኩሴ ነው። ግሪጎር ሜንዴል፤ በገዳሙ ግቢ ውስጥ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 የታተመ። ከአተር ለሱ ሳይንሱ ደረሰው፤ ላንተ ሽሮው ደረሰህ።

"ቢግ ባንግ" እያልክ የሰፈሩን ዲያቆን የምታሸማቅቀውስ? እሱም የቄስ ነው! ቤልጂየማዊው ካህን ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927 ጠፈር እየሰፋ እንደሆነ በሒሳብ አሳየ፤ በ1931 ሁሉም ከአንዲት ጥንተ አተም ተነሣ አለ። ቄስ የሠራውን ዱላ ይዘህ ቄስ ታሳድዳለህ።

እዚህች ላይ ግን ሁለታችሁም ጆሮ ስጡኝ፤ ነገሩ እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ፖፕ ፒዮስ 12ኛ የለሜትርን ግኝት አንስተው ለዘፍጥረት ምስክር አደረጉት። ማን ቅር አለው? ለሜትር ራሱ! ካህኑ! ሳይንሱ ነገ በአዲስ ማስረጃ ሊታረም የሚችል ነው፤ ሃይማኖቱ ደግሞ በቴሌስኮፕ የሚጸድቅና የሚኮነን አይደለም ባይ ነበር። ሁለቱንም አብልጦ የሚያውቀው ሰው ነው አታቀላቅሉብኝ ያለው። አዋቂ ሲያገናኝ እንዲህ ነው፤ ሳይንሱም ሳያንስ፣ ሃይማኖቱም ሳያንስ። አንዱን የሌላው አሽከር ማድረግ ግንኙነት ሳይሆን ቅጥር ነው።

ይህን ስል አያ እርግጡ ሌላ ዜማ ይዞ ተመለሰ። "ድሮስ! ሁሉም በመጽሐፈ ሄኖክ ተጽፎልናል፤ ምርምር ለምኔ?" እይልኝ እስቲ! ከ"አይገናኙም" ወደ "አንድ ናቸው" ያለ ታክሲ ደረሰ። ያውም በሥራ መውጫ ሰዓት፤ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተገትሮ ነበር።

በል፣ በሄኖክ መጣህ፤ በሄኖክ ላናግርህ። ሙሉው መጽሐፍ በዓለም ላይ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ይህ ክብር ነው፤ አልክድህም። ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን አውሮፓ እስኪያደርስ ፈረንጅ ሙሉውን በዓይኑ አላየውም ነበር። አንተስ ዓይንህን ጣል አድርገህበታል? ምዕራፍ 72ን ክፈት። የፀሐይን መንገድ ይቆጥራል። ቀንና ሌሊቱን 18 ክፍል ያደርግና፣ ረጅሙ ቀን 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ክፍል ይላል። በሰዓት አስላው፤ 16 ሰዓት ቀን፣ 8 ሰዓት ሌሊት። ኮዬ ፈጬ ላይ 16 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ወጥታ ታውቃለች? እዚህ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት እንኳን አይሞላም! ታዲያ ያ ልኬት የየት አገር ሰማይ ነው? ሊቃውንት ተከትለውት ባቢሎን ደረሱ፤ ሁለት ለአንድ የሚለው ቀመር የባቢሎን ሥነ ፈለክ ነው። የመጽሐፉ የአረማይክ ቁርጥራጭ ደግሞ ቁምራን ዋሻ ውስጥ ተገኝቶ፣ ሚሊክ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተመው። ሚሊክም ካህን የነበረ ሰው ነው፤ እንዳትስቅ።

አየህ? መጽሐፉን አክብሮ የጠየቀው ሰው ከግዕዝ ቁምራን፣ ከቁምራን ባቢሎን ደረሰ። "ተጽፏል" ብሎ የተኛው ግን ከአልጋው አልወረደም። አንተን መጽሐፈ ሄኖክ አላነቃህም፤ የነቃኸው በፈንታሌ ነው።

"ይሄ የመጽሐፍ ነገር ነው፤ ለኑሮ ምን ይረባል?" ያልሽው እህቴ፣ ጥያቄሽ ደግ ነው። ወደ እንጦጦ ቀና በይ። ተራራው ላይ፣ 3200 ሜትር ግድም፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የተመረቁት። በዚያው ተራራ የእንጦጦ ማርያም ፀበል ይፈሳል። ተራራው ሁለቱንም ተሸክሞ አልተሰነጠቀም። አያ እርግጡ ግን ሁለት ሐሳብ ተሸከም ቢሉት ወገቤን ይላል።

በዚያ ፀበል ዙሪያ "ፀበል ከያዝክ ኪኒን ጣል" የሚል ነበር። የጣለ ሞተ። ምክር ሰጪው ቡናውን ጠጥቶ ቤቱ ገባ። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፀበሉንም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም አንድ ላይ ውሰዱ ብለው በይፋ ሲናገሩ ስንቱ ኪኒኑን ከጣለበት አነሳ! ፓትርያርክ ያልተጣሉትን መድኃኒት አንተ ማን ሆነህ ነው የምትገዝተው? እዚሁ አገር ደግሞ የአእምሮ ሐኪሙ ዶክተር ዮናስ ባሕረጥበብና ባልደረቦቻቸው አጥማቂዎችና ሐኪሞች ተባብረው ሕሙማንን የሚረዱበትን አሠራር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ካህኑ ከሐኪም ጋር ሲነጋገር ፀበሉ አልደረቀም፤ ሐኪሙ ከካህን ጋር ሲነጋገር ዲግሪው አልተነጠቀም። ታማሚው ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከሚል ፍርድ ዳነ።

የደኑንም ልጨምርልህ። "እመጓ"ን አንብበህ ሌሊት ሙሉ ስትገላበጥ ያደርከው አንተ አይደለህ? ደራሲው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ መሆናቸውን ጠይቀሃል? የሰሜኑን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ሆላንድ ውስጥ ዶክትሬት የሠሩ ናቸው። ደቡብ ጎንደር ላይ ሜዳው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሲሆን፣ አገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ለምን? ቄሱ "የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው" ብሎ መጥረቢያ ስለከለከለ። ሳይንሱ ደግሞ ከብት እየገባ ችግኙን እንደሚጨርሰው ለክቶ አሳየ። ከዚያ ካህኑና ተመራማሪው ተመካክረው ዙሪያውን የድንጋይ አጥር ማጠር ጀመሩ። ቄሱ ዛፉን አቆየ፤ ጥናቱ ቡቃያውን አተረፈ። አንተ የኮንዶሚኒየሙን ሁለት ችግኝ አድርቀህ "አይገናኙም" ትላለህ።

ሂሳብ! ስንት ስኒ ነው? የአያ እርግጡንም ጨምሪበት እህቴ፤ ዛሬ ብዙ አልቧል።

የቀረው ነገር ከእናንተ ጋር ነው፤ ዳር ቆማችሁ ስትስቁ ከነበራችሁት ተማሪዎች ጋር። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን ነው። አራት ኪሎ ላይ ቅድስት ሥላሴና ሳይንስ ፋኩልቲ በእግር የሚያደርሱ ናቸው። መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም እዚሁ ከተማ ነው። ተፈላለጉ። የጂኦፊዚክስ ተማሪዋ ግዕዝ የሚያነብ ዲያቆን ትፈልግ፤ ዲያቆኑም መናወጥን የምትለካ ተማሪ ይፈልግ። አብራችሁ ገዳማቱን ዙሩ። አባቶችን አስፈቅዱ። በብራናው ኅዳግ ላይ "ምድር ተናወጠች"፣ "ፀሐይ ጨለመች"፣ "ዝናብ ቀረ" ተብሎ የተጻፈውን ከነዘመኑ ሰብስቡ። ዘመኑን በባሕረ ሐሳብ አስሉት፤ ግርዶሹን በሥነ ፈለክ አረጋግጡት፤ መናወጡን አባ ጉዋን በ1979 ካሳተሙት ጋር አስተያዩት። መምህራንም ይህን ርዕስ ይዞ የሚመጣ ተማሪ "የኛ ክፍል አይደለም" ብላችሁ አትመልሱ፤ ሁለት አማካሪ መድቡለት፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ። የመመረቂያ ርዕስ አጣሁ የምትል ልጅ ካለሽ፣ ይኸው ርዕስ። ውሰጂው።